የአያሌው ምድጃ

እንግዳ ጠርቶ ከምግቡ ይልቅ ምድጃውን የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚሁ ደባርቅ ገጥሞኛል። ጎረቤቴ አያሌው፣ በቡይት ራስ ሎጅ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ላይ ሥጋ በጭስ የሚያበስል ትልቅ የከሰል ምድጃ ገዛና ለፋሲካ ጠራን።

የበግ ጎድኑ ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ሲታጠን ዋለ። ከሁለት ወር ጾም የወጣን ሰዎች መዓዛው ምራቃችንን ሲያስውጠን ቆየ። በመጨረሻ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ቀረበ። የንስሐ አባታችን ባረኩት፤ ሁላችንም ጎረስን፣ ደገምን። ግን አያሌው ዝም ብሎ ማብላት መቼ ያውቅበታል?

«ይብሉ እንጂ አባ! ምድጃው እኮ የዋዛ አይደለም። ፈረንጁ ስንት ዓመት የአሳማ ጎድን ሲያበስልበት የኖረ ነው!»

እጃችን አየር ላይ ቀረ። አባ ጉርሻቸውን ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱ።

«ልጄ፣ አሳማ ነው ያልከው?»

«አዎ አባ! ምድጃውን ያሟሸው እኮ የአሳማው ስብ ነው!»

ሚስቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኛም «ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን» እያልን አንድ በአንድ ተነሣን። ማንም ምክንያቱን ደፍሮ አልተናገረም። አያሌው እስከ በር ተከትሎኝ ክንዴን ያዘ።

«ሰዎቹን ምን ነካቸው? ገና ስለ ሙቀት መለኪያው እንኳን አልነገርኳቸውም!»