ባርኔጣውን የሳትኩበት ገና

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» ትላላችሁ። በሉ! ዛሬ ብትሉኝ አልቀየምም።

በልደታ ሰው ሁሉ ፊት፣ በሰንጋ ተራ ሰው ሁሉ ፊት፣ በጣሊያን ፊት፣ በጀርባዬ ተዘርሬ ሰማይ አየሁ።

በገና ቀን!

ይህ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ እንደ ወትሮው አንብባችሁ ለጎረቤት አሳልፉት። የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ቤት ብቻ እንዳይደርስ። በጠርዙ ላይ ስድብ የምትጽፉብኝም ቦታ ቆጥቡ፤ ዛሬ የሚጻፈው ብዙ ነው።

ለማያውቀኝ ሰው (ልደታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ማለቴ ነው) አባባ ተክሌ እባላለሁ። ፊደል ያለ መምህር የቆጠርኩ፣ ጣሪያ መክደን በማየት ብቻ የለመድኩ፣ የገና ዱላ አሰነዛዘርን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር ጉራ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ከሆነ ምኑ ጉራ ነው?

ካለፈው የካቲት ወዲህ የሰፈራችን ልጆች ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። መኪና ሲያልፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሲጠሯቸው መሬት መሬት ያያሉ። የገና ዱላ ሰጥቼ «ምታ» ስላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከወይራ ጉጥ የጠረብኳትን ሩር ይቅርታ የሚጠይቋት ይመስል ነካ ያደርጓታል።

ከሁሉም የባሰው ሽፈራው ነበር። የወይዘሮ አስካለ አንድ ልጅ። አባቱ በዚያ የካቲት ወደ ሥራው እንደወጣ አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም። ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል ሲጠይቅ እንኳ ድምፁ አይሰማም ነበር።

እሱን ነው ሰው አደርገዋለሁ ብዬ የተነሳሁት።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ አቆምኩት። እግርህን ክፈት አልኩት። ትከሻህን ልቀቅ። ሩሯ እስክትመጣልህ አትጠብቅ፣ አንተ ሂድባት። ስትመታ ጩኽ። ፊትህ ማን እንደቆመ አትይ፤ በገና ጌታና ሎሌ የለም፣ ሩር ያገኘችው ጌታም ስቆ ጠላ ያስቀዳል እንጂ አይቆጣም።

መጀመሪያ ሲጮኽ ጫጩት የተረገጠች ይመስል ነበር።

ቀስ በቀስ ድምፁ ወፈረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሩሯን ሲለጋት ሜዳውን አቋርጣ ወንዙ ውስጥ ገባች። ሽፈራው ሳቀ። እናቱ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ከየካቲት ወዲህ ሲስቅ መስማቷ መጀመሪያዋ መሆኑን በኋላ ነገረችኝ።

ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው ዝም ይበል። እኔ አልቻልኩም።

ጠላ ቤት አወራሁ። ደጀ ሰላም አወራሁ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄጄ አወራሁ፤ ዛሬ እዚያ ጠመንጃ የሚይዝ የለምና ጆሮ የሚሰጥ አይጠፋም። «የእኔ ልጆች ዓይናቸው ያረፈበትን ነው የሚመቱት» አልኩ። ሰንጋ ተራ ድረስ ወርጄ ለከብት ነጋዴዎቹ ነገርኳቸው። በሬዎቹም ሰምተዋል።

እንግዲህ ዛሬ ከሰንጋ ተራ ልጆች ጋር ተገናኘን።

የጨዋታው ፈቃድ ተለምኖ ነው የተገኘው። የካራቢኜሪው፣ የጣሊያኑ ፖሊስ፣ ሹም ራሱ ወንበር አስወጥቶ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። አስተርጓሚው ከኋላው፣ አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ በግራና በቀኝ። የጭነት መኪናቸውም እዚያው ቆሟል። የልጆቹ ዓይን ወደ መኪናው ሲሄድ «ወደ ሩሯ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ሽፈራው እንዴት እንደተጫወተ! ከእሱ አንድ ክንድ የሚበልጡ የነጋዴ ልጆች መንገድ ይለቁለት ነበር።

ከዚያ አንዷን በሙሉ ትከሻው ላካት። ሩሯ ከሰው መሀል ሾልካ የሹሙን ቅልጥም አገኘችው።

ቋ!

እኔ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውየው ስቆ ጠላ ቅዱላቸው እስኪል ጠበቅኩ! በገና ጌታ እንደማይቆጣ ለልጆቹ ሁሉ አስተምሬያለሁ። ለጣሊያኑ የነገረው ግን አልነበረም።

አስካሪዎቹ ሽፈራውን አንጠልጥለው ወደ መኪናው ወሰዱት። ያ መኪና ከዚህ ሰፈር ወስዶ የመለሰው ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ሹሙ በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አስቦ ነው ወይስ ስቶ? የሰንጋ ተራው ሽማግሌ ስቶ ነው አለ። ቄሱ ስቶ ነው አሉ። ሽፈራውም ዱላው አመለጠኝ አለ። ሹሙ ቅልጥሙን እያሸ፣ ቁጣው እየበረደ ነበር። ቀጥሎ መምህሩ ማን እንደሆነ አስጠየቀ።

መምህሩ!

በሕይወቴ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ጋቢዬን አስተካክዬ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔ ነኝ። የእኔ ተማሪ ስቶ አይመታም።»

አስተርጓሚው ለመተርጎም አልቸኮለም፤ ለካ እሱም እናት አለችው። «አባባ፣ ያሉትን ሰምተውታል?» አለኝ ቀስ ብሎ። ሹሙ ግን ይህችን የምታህል አማርኛ አያጣም ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ዞራ አየችኝ።

ያኔ ገባኝ። ወዲያው መልሼ ራሴን ማዋረድ ጀመርኩ። ጉረኛ ነኝ አልኩ። ልጁ ደንባራ ነው፣ ምንም አላስተማርኩትም፣ ሰፈሩን ጠይቁ አልኩ። ሰፈሩ በአንድ አፍ መሰከረልኝ። ጉረኛ ነው፣ ውሸታም ነው፣ ሲያወራ ነው የሚውለው! በአንድ ነገር እንዲህ ተስማምታችሁ አይቻችሁ አላውቅም።

ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ ጎን ቆመ።

አስተርጓሚው ሩሯን እግሬ ሥር አኑሮ ዱላውን አስያዘኝ። «አባባ፣ ባርኔጣውን ከመቱ ተማሪውም የሚመታውን ያውቃል ማለት ነው፤ በመኪናው ይሄዳል። ከሳቱ ይለቁታል።»

እንግዲህ የሚጠበቅብኝ መሳት ብቻ ነው። መሳት የሚያቅተው ሰው አለ?

አሁን የምነግራችሁን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

ዱላውን ስጨብጥ ልደታ በሙሉ እያየኝ ነበር። ሰንጋ ተራም እያየኝ ነበር፤ ያ ስንት ቀን ያወራሁለት ከብት ነጋዴ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። እግሬን ከፈትኩ። ትከሻዬን ለቀቅኩ። ባርኔጣውን አየሁት።

ልመታው ፈለግኩ።

ልጁ መኪናው ላይ ነው፣ እናቱ ከኋላዬ ናት፣ እኔ ግን ያን ባርኔጣ ከወንበሩ ላይ ሳበርረው ሰዉ ምን እንደሚል ነው የታየኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ። ጮኽኩም!

ዱላው መሬቱን ቆረሰው። ሩሯ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። እኔ ዞሬ ጋቢዬ ፊቴ ላይ እንደተጠመጠመ በጀርባዬ ወደቅኩ።

መጀመሪያ ሹሙ ሳቀ። አስካሪዎቹ ተከተሉት። ሰንጋ ተራ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከልደታ ሰው የሳቀ አልነበረም፤ ብትስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሽፈራው ተለቀቀ። ግን የሹሙ ቅልጥም ካሣ ይፈልግ ነበርና፣ ከመልቀቃቸው በፊት ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስደግፈው በጠመንጃ ሰደፍ ቀጠቀጡት። ዓይኑን አልጨፈነም። ወጌሻው አይቶታል። አጥንቱ ይገጥማል፣ መጨበጡን ግን እንጃ ብሏል።

ሲመሻሽ እናትና ልጅ ቤቴ መጡ። ሽፈራው የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«አውቀው እንደሳቱልኝ ገብቶኛል፣ አባባ» አለኝ።

እናቱ እያለቀሰች ቀጠለች። «ክብርዎን ለልጄ ሲሉ ጣሉ። እግዜር ብድርዎን ይክፈልዎ።»

እኔስ ምን አልኩ?

ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ይህቺ ምን አላት» አልኩ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከደጄ ሰው አልጠፋም። ትሑት ይሉኛል! ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ያላመነኝ ሰፈር፣ ዝም ባልኩበት አንድ ቀን በሙሉ ልቡ አመነኝ።

ሽፈራው ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ይህን ሁሉ እናንተ ካነበባችሁት በኋላም አያውቀውም፣ አንዳችሁ ካልነገራችሁት በቀር። እኔው ልነግረው ተነስቼ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ከውስጥ ልጁ ሲያቃስት እናቱ ስለ እኔ ደግነት እያወራች ታባብለዋለች።

እጄን አንስቼ ቆየሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

እናንተ ብትሆኑ ታንኳኩ ነበር?