ሚዜው ያዘለው ሰይፍ

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማወራው ነገር ለመምህር አይመጥንም፤ ለሚዜማ ጭራሽ አይሆንም። ሆዴ ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ ግን ጀርባዬን ያሳክከኝ ጀመር። ለምን ጀርባዬን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ሚዛን ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከክፍል መልስ እዚያው አጠገባችን አማን ከተማ ወዳለችው ጌም ቤት ጎራ እላለሁ። መቼም እናንተ አትታዘቡኝም። ተማሪዎቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ጥጌን ይዤ የጥንት አውሮፓ ባላባት እሆናለሁ። ብረት ለብሼ፣ ሰይፌን በጀርባዬ አንግቼ፣ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። የጌሙ አገር ሕዝብ ደግ ነው። ዳቦ ሻጩ ሰይፍ አይቶ አይደነግጥም፤ የበሩ ጠባቂ "ሰላም ዋል" ብሎ ያሳልፋል።

ይህ ጌም ሊቅ አድርጎኛል። የትኛው ሰይፍ በአንድ እጅ፣ የትኛው በሁለት እጅ እንደሚያዝ አውቃለሁ። አንዳንዱ ጌም የበር መዝጊያ የሚያህል ሰይፍ እንደ ጭራ ሲያወዛውዝ "ውሸት ነው፤ እውነተኛው ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ አንድ ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው" ብዬ አርማለሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሰማኝ ታምራት ብቻ ነው። እዚያው ጌም ቤት የተዋወቅነው ጓደኛዬ ነው፤ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ይሠራል። ሊያገባ ሲል ከአራቱ ሚዜዎቹ አንደኛ አደረገኝና፣ "ቲቸር፣ ኬኩን በቢላ አልቆርጥም። እንደዚያ እንደምታወራው ዓይነት ሰይፍ አሠራልኝ" አለኝ።

አማን ያሉት ብረት ሠሪ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ገጀራ ይሠራሉ፤ የአገሩ ቡና ማሳ ግማሹ የሚመነጠረው በእሳቸው ገጀራ ነው። ሥዕሉን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት።

"ምን ሊቆርጥ ነው?"

"ኬክ።"

ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሰይፉ ሲደርስ ርዝመቱ ያማረ፣ እጀታው መስቀለኛ ነበር። ስለት ግን የለውም። ብጠይቃቸው፣ ለኬክ ብለው ባሌስትራ እንደማይስሉ ነገሩኝ። ሰገባውን ለጫማ ሰፊ ሰጥቼ ደረት ላይ የሚታሰር ማንገቻ አስደረግኩለት። ልክ እንደ ጌሙ።

የሠርጉ ዕለት ሙሉ ሱፌን ለብሼ፣ ደረቴ ላይ አበባ ሰክቼ የቴፒ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰይፉን በአንሶላ ጠቅልዬ ከወንበሮቹ ሥር አጋደምኩት። ቃል ኪዳኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቸርች ነው። ቀለበቶቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ይህችን ያዙልኝ፤ እኔ ካልደረስኩ ቀለበት የለም።

ኬላ ላይ አስቆሙን። ሰሞኑን ፍተሻው ጠብቋል። ሁላችንም ዕቃችንን ይዘን እንድንወርድ ታዘዝን። የተጠቀለለ ረጅም ነገር ያጠራጥራል ብዬ አንሶላውን ፈታሁና ሰይፉን በጀርባዬ አነገትኩት። አስተዋይ ነኝ።

አብዛኛው ተሳፋሪ ማሳ የሚሄድ ነው፤ ገጀራ ይዟል። ጢም የሚላጭ ገጀራ። ፈታሹ ጃንጥላ የያዙ ይመስል አንድ በአንድ አሳለፋቸው። ከዚያ እኔ ጋ ደረሰ።

"ጀርባህ ላይ ምንድን ነው?"

መምህር ነኝና አብራርቼ መለስኩ። "ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ።"

አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ራቅ አሉ። ፈታሹ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

"ማን ላከህ?"

"ሙሽራው።"

"የት ነው ያለው?"

"ቴፒ። እየጠበቀን ነው።"

"ስንት ናችሁ?"

"አራት።"

ፊቱ ጠቆረ። "ቀስ ብለህ አውጣው።"

እጄን በትከሻዬ ላይ አሳልፌ እጀታውን ያዝኩና ሳብኩ። መጣ፣ መጣ፣ እጄ አለቀ። ሰይፉ አላለቀም። ክንድ የሚያህል ብረት ሰገባው ውስጥ ቀርቷል። ጌሙ ላይ ስንት ጊዜ መዝዤዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ለካ እውነተኞቹ ባላባቶች በወገባቸው የታጠቁት ወደው አይደለም። ለካ የሰው እጅ አጭር ነው። ይህን የሚያህል የታሪክ እውቀት የገባኝ አፈሙዝ ፊት ቆሜ ነው።

"አውጣው አልኩህ።"

"አልወጣ አለኝ።"

"መልሰው።"

"አልመለስ አለኝ።"

"እንዳትንቀሳቀስ።"

ይህችኛዋን ቻልኳት። ሽንት ቤት ለመሄድ እንደሚያስፈቅድ ተማሪ ቀኝ እጄን ሰቅዬ ቆምኩ። ላቡ በአከርካሪዬ ይወርዳል። ሰዓቱ አራት ተኩል አልፏል። ፈታሹ ለባልደረባው፣ ኃላፊው ከሰዓት በኋላ እስኪመጣ ጣቢያ እንዲያቆየኝ ነገረው። ከሰዓት በኋላ። ቀለበቶቹን አውጥቼ ላሳያቸው? ሰይፍ አንግቦ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከጌሙ አውቃለሁ። ጌሙ ግን ስትሞት እንደገና ያስጀምርሃል።

ይሄኔ ከሰልፉ አንዲት እናት ወጡ። እማማ ማርታ ናቸው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ስንጫወት ነው የመጣነው። የልጃቸውን የቡና ማሳ ሊመነጥሩ ነው የሚሄዱት። ገጀራቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

"ማዘር፣ እንዳይጠጉት" አላቸው ፈታሹ።

"መምህር ነው እኮ። እጁ ደከመ፣ አታይም?"

ከኋላዬ ዞሩና "ጎንበስ በል ልጄ" አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። በአንድ ጊዜ መዘዙት። እማማ አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አስኬዱት። ደግመው አስኬዱት። ከዚያ መንገድ ዳር ሄደው ሣሩ ላይ አንዴ አሳረፉበት። ሣሩ ተኛ። ሰይፉ ሲነሣ ሣሩም ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ማን ሠራልህ?"

"ጋሽ ደምሴ።"

"ተጣልታችኋል?"

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ፈታሹ አልሳቀም። ሰይፉን ተቀብሎ በራሱ ጣት ሞከረው፤ ከዚያ መሣሪያውን መልሶ አነገተ። የሚቀጥለው ኬላም ያለ ወረቀት እንደማያሳልፈኝ ነግሮኝ ደብተሩን አወጣ። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሲያስብ ልረዳው ፈለግኩ። "ባለ ሁለት እጅ..." ስል እማማ በክርናቸው ጎኔን ደቆሱኝ። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀዶ ሰጠኝ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቸርች በር ላይ ነበርኩ። ቀለበቱ ተጠለቀ፤ እልል ተባለ። ኬኩ ሲቀርብ ሙሽሮቹ ሰይፉን በአራት እጅ ጫኑት። ኬኩ እንደ ሣሩ ተኛ። እንደ ሣሩ ግን አልተነሣም፤ በማንኪያ በላነው።

ታምራት ሰይፉን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እንግዳ ሲመጣበት፣ አንድ ሊቅ ጓደኛው ያሠራለት የባላባት ሰይፍ መሆኑን ያስረዳል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ በትሕትና አንገቴን እደፋለሁ። የፈታሹ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለች። እንዲህ ትላለች፦ "የማይቆርጥ ገጀራ፣ አንድ። ከነመምህሩ ይለፍ።"

እንግዲህ አደራ፣ ከዚህ እንዳይወጣ። ለታምራትም፣ ለተማሪዎቼም። ጋሽ ደምሴ እንደሆኑ ሳይነገራቸውም ያውቃሉ።