ለቀድሪያ የተላከ ክፍል

ከተማ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚጠግን አንድ ሰው አያጣም። ፌርማታ ላይ አጠገብዎ ቆሞ የኮትዎን ቁልፍ እየጎተተ «ይሄ እኮ ሊወድቅ ነው» ይላል። ጎትቶ ጎትቶ ራሱ ይነቅለዋል፤ ከዚያ መርፌ ፍለጋ ይሄዳል።

የአስመራው የጠጋኞች አለቃ ክቡር ጋሽ ጁማ ናቸው፤ የመደበር ገበያው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ወሎዬው። የኤርትራ ነፃነት ሲመጣ ስንቱ የኢትዮጵያ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ እሳቸው «መደበርን ለማን ትቼ?» ብለው ቀሩ። ከአዲስ አበባ በመጣሁ ሰሞን ላምባ ምድጃዬን ጠግነውልኛል። አልተበላሸም ነበር፤ አሁን ተበላሽቷል። «አብሽሪ እየሩስ፣ እናበጀዋለን!» ሲሉ የማይደነግጥ ጎረቤት የለም።

እንግዲህ ከኮምቢሽታቶ ጎዳና ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘይት ቀለም ሥዕል ልማር ብዬ ስሄድ፣ ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠው ያገኘሁት ማንን ነው? መምህር ሐጎስ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ አንድ ጣልያን የሳለውን ሥዕል እንድንገለብጥ አዘዙን። ጠረጴዛ፣ ጠርሙስ፣ ሁለት ሎሚ፣ ጨርቅ የተጣለበት ወንበር ያለበት ክፍል ነው። ሰውዬው ብሩሹን እንደነገሩ እያሳረፈ ነው ያለፈው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር ጥላ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ጋሽ ጁማ በራሳቸው ሸራ ላይ አራተኛውን እግር አበጁለት። ጠርሙሱን ከደኑት። ጨርቁን አጣጠፉት።

«ኣይኮነን! አይሆንም!» አሉ መምህር ሐጎስ። «ያዩትን ብቻ ነው የሚስሉት፤ ገባዎት ዶ?»

«በሦስት እግር ይቆማል እንዴ ወንድሜ?»

አንድ ቅዳሜ ብሩሽ አጥቤ ስመለስ የኔንም ጠረጴዛ ባለ አራት እግር አድርገውታል። «ጋሽ ጁማ፣ ምን በድዬዎት ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ሚስታቸው ቀድሪያ በነፃነቱ ግርግር ጊዜ ደሴ ገብታ በዚያው ቀርታለች። ተመለሺ ቢሏት «ምን ቤት አለኝና?» ብላ ልካለች። ሥዕሉ ለሷ ነው። «ቤታችንን እንዲህ አበጅቼ እጠብቅሻለሁ ልበላት ብዬ ነው። ጎዶሎ ጠረጴዛ ልኬላት ትመጣለች ወይ?»

ከዚያ ወዲህ አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ቀለም አቀባይ ሆንኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ሲያራግቡት ከረሙ። ከዚያ በደሴ ለሚያልፍ ሾፌር አደራ ሰጡት።

መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። መነጽራቸውን ጠግነውት አላሳይ ስላላቸው ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ቤቱ ያምራል፤ ግን የማን ነው? የኛማ መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በዘይት ጣሳ የደፈንከው ነው። የአገሩን ስታበጅ ዘጠኝ ዓመት ለሱ አልደረስክም። እኔን የናፈቀኝ እሱ ነው። ጠዋት በጣሳው ቀዳዳ ብርሃን ገብቶ፣ አንተ ተኝተህ፣ ግንባርህ ላይ ሲያርፍ። እሱን ሳልልኝ። እንዳትነካው።»

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። መስኮቱ ፊት ሸራ ወጥረው፣ መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንባቸውን አልጠረጉትም።

«ሳላበጀው እንዴት ነው የሚሳለው፣ እየሩስ?»

መዶሻውን ተቀበልኳቸውና ብሩሽ አስያዝኳቸው፤ አጠገባቸውም ተቀመጥኩ። አይቻት የማላውቃት ሴት ናፈቀችኝ።