እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…

መጀመሪያ ያየሁት ጣታቸውን ነው። አመልካች ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው፣ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው፣ ገና ወገብ ላይ በደረሰው ግድግዳዬ መሀል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም በማለቴ አምስት ወር ሙሉ ተቃጠልኩ።

አዳማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ሊያጣ ይችላል፣ ውሃም ሊያጣ ይችላል፤ አማካሪ ያጣ ግን እስካሁን አልተሰማም። ሰፈሩ ራሱ ያበቅለዋል። ለእኛ ሰፈር የበቀሉልን ክቡር አቶ አብተው ናቸው፤ ሞጆ ላይ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰው ቤት የሚመዝኑ። ሁልጊዜ አጀማመራቸው አንድ ነው፤ "እኔ ምን አገባኝ።" ከዚያ "ግን" ትከተላለች። "ግን" ከመጣች በኋላ የሚፈርሰውን አንድዬ ይወቀው።

"እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይህ አሸዋ አፈር ነው" አሉ፤ ጭነቱ ተመለሰ። "እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይህ ግድግዳ ወደ ሁሩታ ከተማ አዘንብሏል" አሉ፤ ግንበኛው ተናዶ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ሌላ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ባከነ። ጎረቤቴ ዙለይካማ ከሩቅ ካየቻቸው ሮጣ የመጸዳጃ ቤቷን በር ትቆልፋለች። "የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ሊያስፈርሱኝ!" ትላለች።

እኔ በመምህር ደመወዝ የምኖር ሰው ነኝ። አቅሜ የደረሰው ለአንድ ክፍልና ለሃያ ቆርቆሮ ነው። የተከራየነውን ቤት እስከ እሑድ እንድንለቅ ስለተነገረን፣ እሑድ እናቴን የማስገባው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ ማደሪያ የለንም። በሩን ከሰፈራችን ማዶ ወዳለው ኮረብታ ያዞርኩትም ለእሷ ነው፤ ማታ ማታ ኮረብታው እንደ ፍም ሲቀላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንድታየው።

"እኔ ምን አገባኝ" አሉ አቶ አብተው፣ ጣታቸውን እያራሱ፤ "ግን ነፋሱ የሚመጣው በዚያ ነው።"

"ይግባ፣ ጋሼ! በሙቀት አይደል የምንሞተው?"

"መግባቱንስ ይግባ። የሚወጣው በየት ነው? በጣሪያህ! መዝጊያ እንኳ አልገጠምክም።"

"መዝጊያው ደመወዝ ሲወጣ ይገዛል።"

"እስከዚያ ድንጋይ ጫንበት።"

ድንጋይ! ገና ፀሐይ እንኳ ያላደበዘዘው፣ ዓይን የሚወጋ አዲስ ቆርቆሮዬ ላይ! ደሜ ፈላ።

"አቦ ስማቸው፣ መምህር" አለ አናጢው ጉተማ ከመሰላሉ ላይ እየሳቀ። "ሽማግሌ ናቸው።"

"ሽማግሌስ ቢሆኑ!" አልኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ። "ለመሆኑ ጋሼ አብተው፣ በእኔ ቤት ምን አገባዎት?"

የጉተማ መዶሻ ቀጥ አለ። አቶ አብተው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

"ልክ ነህ" አሉ። "ምንም አያገባኝም።"

"ግን"ን ጠበቅኳት። አልመጣችም። ሄዱ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ ሦስት ቀን ሙሉ እንደገና ተናደድኩ፤ እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው የቀሩት ብዬ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። አቧራው መንገዱን ዋጠው። ከኪራይ ቤታችን እየሮጥኩ ስመጣ ቆርቆሮዬ ሲያጨበጭብ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማኛል። ደረስኩ። አንዱ ጥግ ሚስማሩን ነቅሏል። ጥጉ ላይ አቶ አብተው ተቀምጠዋል።

ጉተማ ትቶት በሄደው መሰላል ወጥተው፣ እግራቸውን አንሰራፍተው፣ ባርኔጣቸውን በጥርሳቸው ነክሰዋል። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያነሣው አብረው ብድግ፣ ሲለቀው አብረው ዱብ።

"ጋሼ! ኧረ ይውረዱ፣ ይወድቃሉ!"

ባርኔጣውን ከአፋቸው አወጡ። "እኔ ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ፤ ይህ ጥግ መቶ ይፈልጋል! ቆመህ ከምትጮህብኝ ድንጋይ አቀብለኝ፣ አንተ ደረቅ!"

አቀበልኳቸው። ጉተማ ሽቦ ይዞ እስኪደርስ እኔ እያቀበልኩ ጮህኩባቸው፣ እሳቸው እየተቀበሉ ሰደቡኝ። ነፋሱ ሲበርድ ቆጠርኩ፤ ሃያውም ቆርቆሮ በቦታው አለ። ጣሪያዬ ግን ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል።

አቶ አብተው ወረዱ። ሱሪያቸው ከመቀመጫው ተተርትሯል። አቧራቸውን አራገፉ።

"ነገ እናቴን አስገባታለሁ፣ ጋሼ" አልኩ፤ ድምፄ እንዴት እንደቀጠነ እኔኑ ገረመኝ። "ይመጣሉ አይደል?"

"እኔ ምን አገባኝ" አሉና መንገዳቸውን ያዙ።

ቆሜ ጠበቅኩ።

"ጋሼ!" አልኩ ከኋላቸው። "ግንስ? ግን ምን?"

ዞር አላሉም። እየሄዱ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ወደ ሰማይ ቀጥ አደረጉና፣ የተተረተረ ሱሪያቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው፣ በዙለይካ አጥር በኩል ታጠፉ።