የእትዬ ብርቄ ናሙና

የመመረቂያ ጥናት የያዘው ተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰላምታ እንኳ የሚሰጣችሁ መረጃ ሊሰበስብ ነው። ወልቂጤ አብሮኝ የተማረው ስንታየሁ እንዲህ ነበር።

ጥናቱ ስለ እንሰት በሽታ ስለነበር ጉንችሬ አክስቱ ጓሮ ይዞኝ ሄደ። እትዬ ብርቄ ቅጠሉ የጠወለገ አንድ እንሰት ሊነቅሉ መቆፈሪያ አንስተዋል። ስንታየሁ እንደ ዳኛ እጁን ዘረጋ።

«አክስቴ፣ እንዳይነካ። እሱ ናሙና ነው። ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ።»

«እንግዲህ የተማረ ያውቃል» ብለው መቆፈሪያውን አስቀመጡ። ከብት እንዳይደርስበትም ዙሪያውን አጠሩለት። ታሞ የግል አጥር የተሠራለት እንሰት ከዚያ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ስንታየሁ ኤ አገኘ፣ ተመረቀ፣ አዲስ አበባ ገባ። በቀደም በጉንችሬ ሳልፍ ወደ እትዬ ብርቄ ጎራ አልኩ። የጓሮው እንሰት ግማሹ ጠውልጓል። ናሙናው በስብሶ ወድቋል፤ እሳቸው ግን አጥሩን እያደሱ ነበር።

«ልጄ፣ ውጤቱ ወጣ እንዴ?» አሉኝ።

ውጤቱማ ድሮ ወጥቷል። የጥናቱ የመጨረሻ ገጽ «የታመመ እንሰት እንደታየ ወዲያው ተነቅሎ ይቀበር» ይላል።