መብራት ገብቶ የተረፈው

እኔ የምለው፣ እናንተ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም የት ነው የምትጥሉት? ተዉት፣ አትንገሩኝ። እኔም ለብዙ ዓመት ሳልጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ሶላር መግጠም ነው። የምኖረው መሐል ሜዳ ቢሆንም የማልደርስበት የመንዝ ጎጥ የለም። ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ ባትሪውን አገናኛለሁ። አምፖሉ ቦግ ሲል እልል ይባላል፣ ጠላ ይቀዳልኛል፣ እመረቃለሁ። መሬት ላይ የቀረውስ? የሽቦው ልጣጭ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያው፣ ፎሙ፣ ያረጀው ባትሪ? ታዲያ ገደል ለምን ተፈጠረ! መንዝ ደግሞ በገደል አይታማም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ አስካለ ሱቄ መጡ። ሞላሌ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው መብራት ካስገባሁላቸው ዓመት አልሞላም። ተበላሽቶባቸው ነው ብዬ ዕቃዬን ልሰበስብ ስነሳ፣ ኧረ መብራቱስ ደህና ነው፣ እጅህ ይባረክ አሉኝ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የሽቦ ልጣጭ ነው። ነጭ ማሰሪያ ነው። እኔ የምጠቀምበት ቀይ ቴፕም አለበት። ታጥቦ ጸድቷል።

"ያንተ ነው አይደል?" አሉኝ።

"የኔ ነው። የት አገኙት እማማ?"

"ከበጌ ሆድ።"

እናት በጋቸው ናት፤ ለመውለድ የደረሰች። ሆዷ ተነፋ፣ ሣር አልቀምስ አለች፣ ሦስት ቀን ታግላ ሞተች። ጎረቤት ቀዶ ሲያያት ሆዷ ውስጥ የተገኘው ይኼ ነው። አንገቴን ደፍቼ እርግማኔን ጠበቅኩ። እሳቸው እቴ! "ይፈልገው ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁት። የሰው ንብረት እኔ ምን ያደርግልኛል?" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ዕቃዬን ሊመልሱልኝ ነው። ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል የሚባለው? እኔም በጊቱ ከሞተች በኋላ ጻድቅ ልሁን አልኩ። ከእንግዲህ ከገጠምኩበት ቤት ብናኝ ትቼ አልሄድም! ጆንያ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ሥራ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ገበሬ ቤት ነበር። ጨርሼ፣ ትርፍራፊውን ለቃቅሜ ጆንያዬን ስሸከም የጋሽ ተክሌ ዓይን ጠበብ አለ። "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ቆሻሻ ነው" አልኳቸው። "ቆሻሻ ከሆነ ምን ያሸክምሃል?"

እውነታቸውን እኮ ነው! እስከ ዛሬ የመጣው ሁሉ ጥሎ ነው የሄደው። የማይረባ ነገር ማን ይሸከማል? የበጊቱን ነገር ብነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከልባቸው አዘኑ። "ቢሆንም የቤቴ ነገር ከቤቴ አይወጣም" ብለው ጆንያዬን ተቀበሉኝ። እዚያው ፊቴ ዘረገፉት፣ አገላበጡት፣ የሚረባ አጡበት። ከዚያ አፍሰው ጓሯቸው ካለው ገደል ደፉት።

ፎሙ ግን ገደል አልገባም። የመንዝን ነፋስ ታውቁት የለ? አነሳው፣ ፈረፈረው፣ የጎረቤታቸው ገብስ ላይ በተነው። ጎረቤትየው ከሩቅ ማሳው ነጭ ለብሶ ቢያይ "አመዳይ ወረደ! ገብሴ አለቀ!" እያለ ራሱን ይዞ እየሮጠ መጣ። በጠራራ ፀሐይ አመዳይ! አንዱን አንስቶ በመዳፉ ቢጨምቀው አልቀልጥ አለው። ያኔ ሳቀ፣ እኛንም ሊያስቀን ሞከረ። እኔ አልሳቅኩም። አመዳይስ ፀሐይ ሲበረታ ይለቃል።

ገደሉ ገብቼ የቻልኩትን ያህል ለቀምኩና ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ያናገረኝ ሰው ትሁት ነው፣ ወንበርም ሰጥቶኛል። የቤት ቆሻሻ ነው የሥራ? አለኝ። የሥራ ነው አልኩት። የሥራ ከሆነ እኛን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ያመነጨውን ሰው ነው አለኝ። ያመነጨው ማነው ብዬ ብጠይቀው "አንተ ነሃ!" አለኝ። ጉዳዬ ወደ እኔ ተመራ ማለት ነው።

ቆራሌው ጋ ሄድኩ። እሱ ከሱቄ ጨምሬ የያዝኩትን አሮጌ ባትሪ ሲያይ ፊቱ በራ። ክዳኑን ነቀለና ውስጡ ያለውን አሲድ ደጃፉ ላይ ካለው ቦይ ገለበጠው። "ምን ነካህ! ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?" ብዬ ጮህኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ወደ ታች ነዋ" አለኝ። ታች ሰው የለም እንዴ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ደግሞ ቢታፈስስ በምን ይያዛል? ባዶውን ባትሪ ወሰደ። ፎሙንና ልጣጩን፣ ይኼ ለኔም አይሆን ብሎ መለሰልኝ።

ጆንያው ቤቴ ገባ። በየሥራው እየተጨመረበት አበጠ። ባለቤቴ ለተወሰነ ጊዜ ታገሰች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን "ሰውዬ፣ ሬሳም እኮ ይቀበራል" አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዶማዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

ክንድ ያህል እንደቆፈርኩ ዶማው ጠንካራ ነገር መታ። አፈሩን ጠረግ ጠረግ ባደርገው የሴራሚክ ስባሪ። ከሥሩ የቧንቧ ቁራጭ። ከሥሩ የቀለም ቆርቆሮ። ከሥሩ ደግሞ እኔ የማላውቀው፣ ስሙም የጠፋብኝ ነገር። ይህን ቤት ከእኛ በፊት የሠሩት ሰዎችም ለካ ጨንቋቸው ኖሯል! የነሱ ካልወጣ የኔ አይገባም። አወጣሁት። እያወጣሁ፣ እያወጣሁ ስሄድ ሌላ ጆንያ ሞላ፤ የጉድጓዱ መጨረሻ ግን አልታይ አለኝ። ዶማዬን ጥዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ እውነቴን ነው።

ባለቤቴ ከጓዳ በር ብቅ አለች። "ቀበርከው?" አለችኝ።

"አይ" አልኳት፣ "ወንድም አገኘሁለት።"