ለሄንሪ የዘቀዘቅሁት ነጠላ

እግዜር ሰውን ሲፈጥር አንዳች ሙያ ሳያስይዝ አይሰደውም። አንዷን ባለእጅ ያደርጋታል፣ አንዷን ባለምላስ። እኔን ደግሞ አልቃሽ አደረገኝ። አትሳቁ፤ ቀላል ሙያ አይደለም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ሐዘን የገባበት ሐበሻ ቤት ደርሼ ድምፄ በር ላይ ሲሰማ፣ «እማማ በላይነሽ መጡ፤ አሁን ለቅሶው ለቅሶ ሆነ» ይባላል። ከከተማው ዳር፣ ደብሊን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ትልልቁ ቤት ውስጥ ያሉት፣ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ ብለው በሹክሹክታ የሚያለቅሱት እንኳ፣ እኔ ስገባ ይወጣላቸዋል። ሰው የሚኖረው በስሙ ነው፤ የኔም ስም ይኸው ነው። ይህ ስም ባለፈው ሰመር በአንድ ከሰዓት ገደል ሊገባ ምን ቀረው?

ጉዱን ያመጣው ካምፒንግ ነው። ለማያውቀው ልንገርና፣ ካምፒንግ ማለት ቤትህ ውስጥ ውሃም መብራትም አልጋም እያለልህ ሄደህ ሜዳ ላይ ማደር ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብህ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መጠለያ ይፈልግልሃል፤ እዚህ ወረፋ ይያዝበታል። አማቼ ዳንኤል ትራክ ነጂ ስለሆነ፣ አርቪ የሚሉትን ቤት ያዘለ መኪና ተከራየ። ልጄ ትዕግሥት ደግሞ ኢሪ ሐይቅ ዳር ካለ ስቴት ፓርክ ቦታ ቡክ አደረገች። ውሻችን ማክስ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ኮል አድርጋ፣ ደግማ ኮል አድርጋ አረጋገጠች። አሮጊት ይፈቀዳል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ሐይቅ ስላችሁ ኩሬ እንዳይመስላችሁ፤ ማዶው የማይታይ ባሕር ነው። ያረፍንበት ሰፈር የባለውሻ ሰፈር ነው። በየአርቪው ደጅ አንድ ውሻ ታስሯል፣ ከጎኑ ባለቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ። መንገደኛው ሰዉን «ሃይ» ብሎ ያልፈዋል። ለውሻው ግን ይንበረከካል፤ ስሙን ይጠይቃል፣ ዕድሜውን ይጠይቃል፣ ጆሮውን ያክለታል። ማክስ በአንድ ቀን ያገኘውን ሰላምታ እኔ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ አላገኘሁትም።

ከኛ ቀጥሎ ያለው አርቪ ደጅ ላይ ብቻ ውሻ የለም። አንዲት እኩያዬ የምትሆን ፈረንጅ ብቻዋን ተቀምጣ ሐይቁን ታያለች፤ አየት ታደርግና ዓይኗን ትጠርጋለች። ይህን እንባ እኔ አጣዋለሁ? የአለርጂ አይደለም፣ የሐዘን ነው። የልጅ ልጄን ሶልያናን ሂጂና ጠይቂልኝ ብዬ ላክኋት። እያጉረመረመች ሄዳ መጣች። ሄንሪ የሚባል ሞቶባታል፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ በየዓመቱ እዚህ አብረው ይመጡ ነበር አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሌላ የቀረ ነገር አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁ፣ እሷም የቀረ ነገር አልመሰላት።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ጎረቤቴ ሐዘን ተቀምጣ እኔ ሥጋ ላስጠብስ? ለቅሶ ያለ ንፍሮ አይሆንም፤ አርቪ ውስጥ ንፍሮ ከየት ይመጣል? ትዕግሥት ለሰላጣ ያመጣችውን የቆርቆሮ ሽምብራ ከፍቼ አፈላሁት፤ እግዜር የሰውን አቅም ያውቃል። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ሶልያናን ለአስተርጓሚነት እጇን ይዤ ሴትዮዋ ደጅ ደረስኩ።

ያን ዕለት ያለቀስኩትን ለራሴ ወንድምም አላለቀስኩ። ሴትዮዋን አቅፌ፣ «ሄንሪዬ፣ ጎረምሳው፣ ሳትዳር ሳትኳል፣ እናትህን ለማን ጥለህ» አልኩ። መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወድቃ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሶልያና «አያዬ፣ ስቶፕ፣ ፕሊዝ» እያለች ጎኔን ትጎስመኛለች። ልጅ ስለ ሐዘን ምን ያውቃል ብዬ ተውኳት። ቀልቤ ረጋ ሲል እንደ ወጉ ፎቶውን አሳዪኝ አልኩ። ሴትዮዋ ገብታ በፍሬም የተቀመጠ ትልቅ ፎቶ ይዛ ወጣች። ሄንሪ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሏል። ጆሮው ረጅም ነው። ምላሱን አውጥቷል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ የፈሰሰ እንባስ? ነጠላዬን አቅንቼ፣ ሽምብራዬን ይዤ ውልቅ ብል አንጀቷ ይቆረጣል። ብቀመጥ ደግሞ በላይነሽ ለውሻ አለቀሰች ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው ሬሳ ያምነኛል? ከስም የሚበልጥ የለም ብዬ ልነሳ ጉልበቴን ስይዝ፣ ሴትዮዋ ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ሶልያና አቀርቅራ ተረጎመችልኝ።

«ሰው ሁሉ ‹ሌላ ግዢ› ይለኛል ነው የምትለው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔም የበኩር ልጄን የቀበርኩ ሰሞን፣ አይዞሽ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ ያለችኝ ሴት ነበረች። ነፍሷን ይማርና፣ ስትሞት ለቅሶዋን ደርሻለሁ፤ እንባ ግን አልወጣኝም። እና እንደ ሰው ለቅሶ ጠየቅኋት፤ ምን አገኘው፣ ታሞ ነው ወይስ በድንገት አልኳት። ለካ እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ እስክትገባ አወራችኝ። ሽምብራውንም ጨረሰችው።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ሴትዮዋ ሐይቁ ላይ ልትበትነው ያመጣችው ሄንሪ፣ አመድ ሆኖ በትንሽ ጣሳ ከአርቪዋ ወጣ። ሁለታችን ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ሐይቁ ስንወርድ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዬን ያየ ሁሉ ምንድን ነው ይላል፤ ሲነገረው ውሻውን እየሳበ ከኋላ ይሰለፋል። እማዬ ኧረ ሰው ያየናል ሲለኝ ያደረው ዳንኤል እንኳ ማክስን ይዞ ደረሰ። የፓርኩ ጠባቂ እዚህ አመድ መበተን በፈቃድ ነው ሊል መጥቶ፣ የለቀስተኛውን ብዛት ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እኔ ብዙ ቀብር አይቻለሁ፤ ወራሾች ሳይጣሉ ያለቀ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሶልያና ይህን ሁሉ ቪዲዮ ማድረጓን ያወቅሁት ኮሎምበስ ስንገባ ነው። አርቪውን ሳንመልስ ቪዲዮው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጓደኛዬ እትዬ አስካለ ሴቶቹን ሰብስባ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ለውሻ ነጠላ ዘቅዝቀሽ አሉ» አለችኝ፤ «ለኔማ ምን ልትዘቀዝቂ ነው?»

ሴቶቹ እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰሞን ስልኬ ዝም አለ። በቃ፣ ስሜ ሐይቅ ዳር ተበትኖ ቀረ ብዬ ቆረጥኩ።

ሰሞኑን ግን ስልኬ እንደገና መጮህ ጀመረ፤ ባለፈው ማክሰኞም ጮኸ። እዚሁ አጠገባችን ቤክስሊ የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ወላጆቿን የማውቃቸው ነርስ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ማን ሞተ ብዬ ነጠላዬን ፍለጋ ተነሳሁ። ማንም አልሞተም አለችኝ፤ ድመቷ ናት የታመመችው፤ ዶክተሩ ተስፋ የላትም ብሏል።

«ቪዲዮውን አይቼ ነው እማማ፤ ሳምንቱን ከከተማ እንዳይወጡብኝ አደራ» አለችኝ።

አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የትም አልሄድ አልኳት። ከአንድ የታመመ ጥንቸል በቀር የያዝኩት ቀጠሮ የለም።